ቀናው አሞራዎቹን ያስተካከለ ጊዜ

አንድ ሰፈር ወፍጮ ላይኖረው ይችላል። ቧንቧ ላይኖረው ይችላል። አስተካካይ የሌለው ሰፈር ግን እግዜር እስካሁን አልፈጠረም፤ ፈጥሮም ከሆነ እኔ አላየሁትም፣ እኔ ያላየሁት ደግሞ ጥቂት ነው። ከአቃቂ እስከ ድሬዳዋ ባቡሩ በሚቆምበት ጣቢያ ሁሉ ወርጃለሁ፤ በየጣቢያው አንድ አንድ አስተካካይ ተቀምጦ አግኝቻለሁ። እናንተም ታውቁታላችሁ። ደህና የሚሠራ ሰዓት እጃችሁ ላይ ካየ እጁን ያሳክከዋል። በራችሁ ሲከፈት ሲጥ ይላል እንበል። እናንተ ሲጥታውን ለምዳችሁታል፣ ሌባም ቢመጣ ይቀሰቅሰናል ብላችሁ ወዳችሁታል። እሱ ግን መዶሻውን ይዞ ከተፍ ይላል። ሲሄድ በሩ ሲጥ አይልም። አይዘጋምም።

የአቃቂ ጣቢያ አስተካካይ ክቡር አቶ ቀናው ነበር። «ክቡር» የሚለውን ማዕረግ የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ የሰጠው የለም። ሥራው የሐዲድ ጥገና ነው። ብሎን ያጠብቃል፣ ጠጠር ይደለድላል፣ እዚያ ላይ እንከን አይወጣለትም። ችግሩ ከሥራ ሲወጣ ነው። መፍቻው ከኪሱ አይለይም፤ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ እንኳ ይዞት ነው የሚሳለመው። አንድ የተጣመመ ነገር ካየ፣ ወይ ደግሞ ለእሱ የተጣመመ ከመሰለው፣ እጅጌውን ይሰበስብና «ቆይ፣ እኔ ላስተካክለው!» ይላል። ይቺን ቃል የሰማ ሰው ዕቃውን ይደብቃል፣ እናት ልጇን ትጠራለች።

እኔ ሰቦቃ ደግሞ እዚያው ጣቢያ ጫኝና አውራጅ ነበርኩ። ዝም ብሎ ጫኝ እንዳይመስላችሁ! ሁለት ጆንያ ቡና ባንዴ ተሸክሜ ፉርጎ ላይ እወጣ ነበር፤ አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ ቆሞ አይቶኝ ባርኔጣውን አወለቀ። ለምን እንዳወለቀ ግን አልጠየቅኩትም፤ ሙቀትም ሊሆን ይችላል። እና የምነግራችሁ ነገር ቢኖር፣ ይሄን የመሰለ ሰው፣ እኔን ማለቴ ነው፣ ቀናው ሊገድለኝ አንድ ሐሙስ ነበር የቀረው። በክፋት አይደለም። በክፋትማ ቢሆን እችለው ነበር። በማስተካከል ነው።

መጀመሪያ ግን የማስተካከሉን ልክ እወቁት።

የጣቢያው ሹም አንድ ራዲዮ ነበራቸው። ትንሽ ታፍናለች እንጂ ደህና ታወራለች። ቀናው ጽሕፈት ቤት ገብቶ ሰማትና «ቆይ፣ እኔ ላስተካክለው!» አለ። ሹሙ እምቢ ለማለት አፋቸውን ሳይከፍቱ ጀርባዋን ፈቶ ጨረሰ። ከዚያ ቀን ወዲያ ራዲዮዋ ከዓረብኛ በቀር አልናገርም አለች። ሹሙ ኩሩ ሰው ናቸው፤ ተበላሸብኝ ብለው ላለማመን ሦስት ወር ሙሉ ዓረብኛ እያዳመጡ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር።

አንድ ጊዜ ደግሞ ባልና ሚስት ጎረቤቶቻችን ተጣሉ። ሊያስታርቅ ገባ። ማለዳ ገብቶ እስከ ምሳ «የአንተ ጥፋት ይሄ ነው፣ የአንቺ ጥፋት ይሄ ነው» እያለ ሲዘረዝር፣ ሁለቱም በእሱ ተናደው ታረቁና ተጋግዘው ደበደቡት። እሱ ግን እስከ ዛሬ ያስታረቅኳቸው እኔ ነኝ ይላል። ውሸትም የለበት። የእኔን ጥርስ ነገርማ ተዉት። የታመመው በግራ ነው፣ የነቀለው በቀኝ ነው። «ቦታ ለቀቅኩለት፣ አሁን ይመቸዋል» አለኝ። አልተመቸውም።

እንግዲህ ወደ አሞራዎቹ እንምጣ።

ከጣቢያው ጀርባ፣ ሐዲዱን ተሻግራችሁ ወደ አቃቂ ወንዝ ስትወርዱ፣ ሰፊ መስክ ነበር። የሰፈሩ ልማድ እንዲህ ነው፦ ባቡር የገጨው በሬ፣ በእርጅና የሞተ አህያ፣ የበዓል እርድ ትራፊ፣ ሁሉም እየተጎተተ እዚያ ይጣላል። ማን ይቀብራል? ማን ይቆፍራል? ጠዋት የጣላችሁትን አመሻሹ ላይ ብታዩ አጥንት ብቻ ነው። ያውም የተላሰ፣ እንደ ሳህን የሚያበራ አጥንት። እዚያ አገር የሚሠሩት እንደ ፋብሪካ ሠራተኛ በፈረቃ ነበር። ቀን ጥንብ አንሳው ነው፤ ሆድ ዕቃውንና ሥጋውን ይጨርሳል። ማታ ጅቡ ተረኛ ነው፤ አጥንቱን ይቆረጥማል። ቁራው ደግሞ እንደ ካቦ ነው፤ ይዞራል፣ ይጮሃል፣ ከዚህም ከዚያም ይቀምሳል፣ ብዙ አይሠራም። ፊሽካ አያስፈልጋቸው፣ ደሞዝ አይጠይቁ፣ አንድ ቀን ቀርተው አያውቁም።

ነውራቸው አንድ ነው። ጥንብ አንሳዎቹ ከበሉ በኋላ የጣቢያው ጣሪያ ላይ ይሰፍራሉ። ጠዋት ጠዋት ክንፋቸውን እንደ ተሰጣ ካፖርት ዘርግተው ፀሐይ ይሞቃሉ። እየሞቁ ደግሞ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ይለቃሉ። ቆርቆሮው፣ ግድግዳው፣ አንዳንዴም የተሳፋሪው ባርኔጣ ነጭ ይሆናል።

አንድ ቀን ከላይ መልእክት መጣ፤ አንድ ትልቅ ሰው በባቡር ያልፋሉ ተባለ። ያልፋሉ ነው የተባለው፣ ይወርዳሉ አልተባለም። ሹሙ ግን ተሸበሩ። ግድግዳው ኖራ ተቀባ፣ ደወሉ ተወለወለ፣ እኔም አዲስ ቁምጣ ለበስኩ። ማግስቱን ግድግዳው ላይ ከላይ እስከ ታች የአሞራ ኩስ ወርዶበት ተገኘ።

ሹሙ ሊያለቅሱ ምንም አልቀራቸውም። «ምን ይሻላል? ምን ይሻላል እንግዲህ?» አሉ።

ምን አስጠየቃቸው! ቀናው እጅጌውን እየሰበሰበ ነው። «ቆይ፣ እኔ ላስተካክለው!»

ከአንድ ወዳጁ ዘንድ ባለቤት የሌለው ውሻ የሚገደልበትን ነጭ ዱቄት ይዞ መጣ። ያን ሰሞን ባቡር ገጭቶ የጣላት ላም ነበረች። እሱ በካራ ሥጋዋን እየተለተለ ዱቄቱን ይነሰንሳል። እኔ ምንም አላደረግኩም። እግሯን ይዤ ወደ መስኩ ጎተትኩ እንጂ ምንም አላደረግኩም። ብቻዬን ጎተትኳት፤ ላሚቱ ደግሞ ቀላል አልነበረችም።

እማማ ዲንቄ በዚያ ሲያልፉ አዩን። እማማ ዲንቄ የአባቴ እኅት ናቸው፤ ሐዲዱ ሳይዘረጋ ጀምሮ እዚያ መስክ ላይ ከብት ያሰማሩ ሴት ናቸው። ምርኩዛቸውን ተክለው ቆሙና «ምንድነው የምትነሰንሰው አንተ ሰውዬ? ጨው ነው?» አሉ።

«መድኃኒት ነው እማማ። አሞራዎቹን ላስተካክላቸው ነው።»

«ምን ሆነው?»

«ጣሪያ አበላሹብና!»

«ያ ዋቃ!» አሉ እማማ ዲንቄ ወደ ሰማይ አይተው። ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ ሰቦቃ? አንተንስ ምን አበላሹብህ?»

እኔ ያን ጊዜ መልስ ነበረኝ። አሁን ረሳሁት።

በማግስቱ ያየሁትን ለማውራት እንኳ አፌ አይወድም፤ ግን አወራዋለሁ። ጥንብ አንሳዎቹ መስኩ ላይ ክንፋቸውን ዘርግተው በግንባራቸው ተደፍተዋል። ባሕር ዛፉ ላይ የነበሩት እንደ በሰለ ፍሬ ዱብ ዱብ ይላሉ። አንዱ ሹሙ በራፍ ላይ ወደቀ። ጅቦቹ ውሃ ጠምቷቸው ወንዙ ዳር ድረስ ሄደው እዚያው ተዘርረዋል። ቁራው፣ ጭልፊቱ፣ የማን እንደሆነች የማትታወቅ አንዲት ድመት፣ ሁሉም አልቋል። ቀናው በጣቱ እየጠቆመ ይቆጥራል። «ሠላሳ ሰባት አሞራ፣ አስራ አንድ ጅብ! አየህ ሥራ!» ይለኛል። ኖራው እንደገና ተቀባ። ጣቢያው እንደ ሙሽራ ጥርስ ነጣ።

ትልቁ ሰው አለፉ። ባቡሩ ፍጥነቱን አልቀነሰም፣ መጋረጃው አልተገለጠም። ሹሙ ለተዘጋ መስኮት እጅ ነሱ።

ከዚያ ምን ሆነ? ከዚያማ በሳምንቱ አንድ አህያ ሞተ። እንደ ልማዳችን ጎትተን ጣልነው። በማግስቱ እዚያው ነው። በሦስተኛው ቀን እዚያው ነው፣ ይልቁንም ወፍሯል። በሳምንቱ ነፋሱ ወደ ጣቢያው ሲዞር የሦስተኛ ማዕረግ ተሳፋሪ ትኬቱን አፍንጫው ላይ እያደረገ ይቆም ጀመር። አንድ በሬ ተጨመረበት፣ በዓል ደረሰና የእርድ ትራፊው ተጨመረ። ዝንብ መጣ። ዝንብ ስላችሁ የምታውቁትን እንዳይመስላችሁ፤ ሰው አፉን ከፍቶ እግዜር ይስጥልኝ ለማለት ፈራ።

ቀናው ምን አለ? «ቆይ፣ እኔ ላስተካክለው!» አካፋ ይዞ ሊቀብር ወረደ። የአቃቂን መሬት ታውቁታላችሁ? መረሬ ነው። በበጋ እንደ ድንጋይ ነው፤ ዶማ ይመልሳል። ሦስት ቀን ቆፍሮ የጉልበት ያህል እንኳ አልወረደም። እላዩ ላይ ኖራ ነሰነሰ፤ አህያው ኖራ የተቀባ ጣቢያ መሰለ እንጂ ሽታው አልቀነሰም። ክረምት ሲገባ ደግሞ ያው መሬት ጭቃ ሆኖ የተቀበረውን መልሶ ተፋው። ጎርፉ ያንን ሁሉ ጠርጎ ወንዝ ከተተው። ከታች በኩል ሴቶች ውሃ ይቀዳሉ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሆዱን ያልያዘ ሕፃን ሰፈር ውስጥ አልነበረም። የቀናው ሚስት በላይነሽ የራሷን ልጅ ታቅፋ ሦስት ቀን ሳትተኛ ከረመች፤ ተረፈላት። ያልተረፈላቸውም ነበሩ። እዚህ ላይ አልቀልድም።

እማማ ዲንቄ ቀናውን መንገድ ላይ አቆሙት። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር።

«ልጄ፣ እነዚያ እኮ የኛ ሠራተኞች ነበሩ» አሉት። «ሠራተኛ አባረርክ እንጂ ምን አስተካከልክ?»

ቀናው መፍቻውን ከኪሱ አወጣ፣ አየው፣ መልሶ ከተተው።

ማዕዱ ከተዘረጋ ደግሞ እንግዳ አይጠፋም። ጥንብ አንሳ የለ፣ ጅብ የለ፣ ሥጋው ሞልቷል፤ ውሻ መጣ። በመርዙ የሞቱት ውሾች ሦስት ነበሩ፣ የመጡት ሠላሳ ናቸው። ከቃሊቲ በኩል መጡ፣ ከገላን በኩል መጡ፣ እዚያው ወለዱ። ቀን በመንጋ ይዞራሉ። ድሮ ጅቡ ያሳድዳቸው ነበር፤ አሁን ማንን ይፈራሉ? ከገላን በኩል አንድ ገበሬ ተነከሰ። ቁስሉ ትንሽ ነው ብሎ ተወው። በወር ከምናምኑ ውሃ ሲያይ መጮህ ጀመረ፣ በአራተኛው ቀን ሞተ። ሬሳውን ያጠቡት ሰዎች ያወሩትን የሰማ ሁሉ ዱላ ሳይዝ ከቤት አይወጣም።

እኔ ግን ዱላ አልያዝኩም። እኔ ውሻ አልፈራም። አንድ ቀን ጠዋት ሥራ ልገባ ሐዲዱን ስሻገር አንድ ቡላ ውሻ ለሐጩን እያዝረበረበ፣ ወገቡ እየተልፈሰፈሰ መጣ። አልሮጥኩም። አንዳንዱ እግሩ ከድቶት ነው ይላል፤ ውሸት ነው፣ በክብር ነው የቆምኩት። ባቴን ነከሰኝ።

ቀናው ከሩቅ አይቶ አካፋውን ይዞ በረረ። ውሻው ፉርጎ ሥር ገባ፤ ቀናውም በደረቱ ተስቦ ተከተለው። የአካፋ ድምፅ ሰማሁ፣ ከዚያ ምንም የለም። ብዙ ቆይቶ ሲወጣ ሱሪው ከጉልበቱ በታች ተተርትሯል፣ ፊቱ አመድ መስሏል። ላስተካክለው አላለም።

«ሰቦቃ» አለኝ፤ «ገደልኩህ።»

ከዚያ ጎትቶ ለባቡሩ ውሃ ከሚቀዳበት ታንከር ሥር አስቀመጠኝና ቁስሉን በሳሙና ያጥበው ጀመር። ያጥበዋል፣ ያጥበዋል፣ ሳሙናው አለቀ። ሰው ተሰበሰበ። አንዱ ጠበል ይላል፣ አንዱ ቅጠል አውቃለሁ ይላል። ቀናው ማንንም አልሰማም፤ በጠዋቱ ባቡር ጭኖ ለገሃር አወረደኝ፣ ከዚያ የእብድ ውሻ መርፌ የሚወጋበት ቤት አደረሰኝ።

ድሬሰሩ አሻግሬ የሚባል ቀጭን፣ ሳቅ የማያውቅ ሰው ነው። «አስራ አራት ቀን፣ በየቀኑ፣ ሆድ ላይ» አለ። «ከጨረስክ ትድናለህ። ካቋረጥክ እኔ የለሁበትም፤ በሽታው ከጀመረህ መድኃኒት የለውም።»

ከዚያ መርፌውን አወጣው። ወገኖቼ፣ ጆንያ የምንሰፋበት ወስፌ ታውቃላችሁ? የእሱ ታላቅ ወንድም ነው። እኔ መርፌ አልፈራም። አንድ ነገር ትዝ ስላለኝ ብቻ ነው ወደ በሩ የሄድኩት። ደጃፉን ወጥቼ መንገዱን ልሻገር ስል ቀናው አንገትጌዬን ይዞ መለሰኝ።

«ተወኝ!» አልኩት። «በዕድሜዬ የምሞተው አንዴ ነው። አስራ አራት ጊዜ አልሞትም!»

«ትወጋለህ ሰቦቃ።»

«አልወጋም! አንተ ጥርሴን ስትነቅልም አይዞህ ብለኸኝ ነበር!»

ቀናው አንገትጌዬን ለቀቀኝ። ከዚያ ወደ ድሬሰሩ ዞሮ የተቀደደ ሱሪውን እያሳየ «እኔንም ነክሶኛል» አለ። «ፉርጎው ሥር። እኔ ልቅደም።»

አሻግሬ ሊያይ ጎንበስ ሲል ቀናው እግሩን ሰበሰበ። «አጥቤ አስሬዋለሁ፣ አትንካው፣ ያመኛል! ሆዴን ነው አይደል የምትወጋው?» ብሎ ሸሚዙን እስከ ደረቱ ገለበጠ። እኔ አላስተዋልኩም፤ ዓይኔ በሩ ላይ ነበር።

መርፌው ሲገባ ቀናው ጮኸ። ጮኸ ስላችሁ የሰው ጩኸት እንዳይመስላችሁ፤ የባቡር ፊሽካ ነው። «ዋይ! እናቴን! ጨረሰኝ! አልቻልኩም!» ኮሪደር ላይ የተቀመጡት ሕመምተኞች ሕመማቸውን ረስተው ሳቁ። አንዲት አሮጊት «ምነው ልጄ፣ ወልደህ አታውቅ!» አሉት። እኔ በእሱ አፈርኩ። የአቃቂ ወንድ እንዲህ ይዋረዳል? በሰው ፊት? ተነሣሁ፣ ሸሚዜን ገለጥኩ፣ ደረቴን ነፋሁ። አሻግሬ ወጋኝ። ያማል፤ እሳት ነው። ጥርሴን ነከስኩ፣ በቀረኝ በኩል።

አሮጊቷ «ይሄ ነው ወንድ!» አሉ።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ እንዲያ ሆነ። በጠዋቱ ባቡር እንሄዳለን፣ ቀናው ይቀድማል፣ ይጮሃል፣ ሰው ይስቃል፣ እኔ እንደ አንበሳ እወጋለሁ። ሆዳችን አብጦ እንደ ከበሮ ተወጠረ፤ ባቡር ላይ ስንቀመጥ ሁለታችንም በጎናችን ጋደም ብለን ነው። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ነጭ ጨርቅ ባቱ ላይ አስሮ ያነክስ ነበር። አንዳንድ ቀን ግራውን ያነክሳል፣ አንዳንድ ቀን ቀኙን። ሕመሙ ይዞርበታል ብዬ አዘንኩለት።

በዘጠነኛው ቀን ጎርፍ ከሞጆ ወዲህ ሐዲድ ቆረጠ ተባለና ባቡሩ አልመጣም። ጸሐይ ወጣች፣ ረፋድ ሆነ፣ ባቡር የለም። «ካቋረጥክ እኔ የለሁበትም» ያለው ድሬሰር ዓይኔ ላይ መጣ። ያ የገላን ገበሬም መጣ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ቀን ፈርቻለሁ። ታንከሩ ሲንጠባጠብ ሰምቼ ራሴን እጠይቅ ነበር፦ ውሃው አስፈራኝ ወይስ አላስፈራኝም?

ቀናው ሠራተኞቹ ሐዲድ ላይ የሚሄዱባትን የእጅ ጋሪ ከመጋዘን ገፍቶ አወጣት። ሹሙ ከጽሕፈት ቤት ሮጠው ወጡ።

«ቀናው! የት ነው? ማን ፈቀደልህ? ከሥራህ ትባረራለህ!»

«ያባርሩኝ ጌታዬ» አለ መዘውሩን እየያዘ። «ሰቦቃ፣ ውጣ!»

ከአቃቂ ወደ ለገሃር ዳገት ነው። ያን ሁሉ ዳገት ላቡ ካኪውን ጥቁር እስኪያደርገው ድረስ እሱ ነው የገፋው። እኔም አልተቀመጥኩም፤ ተቀምጬ ምክር ስሰጥ ነበር። ቃሊቲን ስናልፍ ሆዱ እንደ እኔው ተወግቶ እንዳበጠ ትዝ አለኝና «ና ልተካህ» አልኩት። «አንተ እግርህን አታንቀሳቅስ» አለኝ። ድሬሰሩ በሩን ሊዘጋ ሲል ደረስን። ቀናው እንደ ልማዱ ቀደመ። ያን ቀን ግን አልጮኸም፤ ትንፋሽ አልነበረውም። ሲወጋ አግዳሚው ላይ አንቀላፋ።

ሹሙ አላባረሩትም። በዓረብኛ ራዲዮ ሦስት ወር የታገሡ ሰው ናቸው።

አስራ አራተኛው ቀን ላይ አሻግሬ «ጨርሳችኋል፣ ሂዱ» አለን። ያን ለት ብቻ ሳቀ። ወር ቆጠርኩ፣ ሁለት ወር ቆጠርኩ፤ ውሃ ጠጣሁ፣ ጠላም ጠጣሁ፣ አልጮህኩም። ዳንኩ። ከዚያማ ማን ይችለኛል? አስካለች ጠላ ቤት ገብቼ የመርፌውን ነገር አንድ በአንድ ተረኩት። መርፌው በየቀኑ አንድ ስንዝር ይረዝም ነበር። ቀናው እንዴት እንደጮኸ በድምፅ አስመስዬ አሳየሁ። ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ቀናው ጥግ ላይ ተቀምጦ አብሮ ይስቅ ነበር።

ከጥቂት ቀን በኋላ ቤቱ ብሄድ እሱ የለም። በላይነሽ ልብስ እያጠበች ነው። ከታንከር የተቀዳ ውሃ ነው፤ የሰፈሩ ሴቶች ከወንዙ መቅዳት ትተዋል። ገመድ ላይ ያንን የባቱን ነጭ ጨርቅ አስጥታዋለች።

«ዳነለት ቁስሉ?» አልኳት።

በላይነሽ እጇን ቀሚሷ ላይ አደረቀችና ቀና አለች። «የምን ቁስል?»

«የውሻው ነዋ!»

«ሰቦቃ፣ እስቲ ያን ጨርቅ እየው። አስራ ሦስት ቀን አስሮት ከርሟል። አንድ ጠብታ ደም አለበት?»

አየሁት። ከአቧራ በቀር ምንም አልነበረበትም።

«ሱሪውንኮ የቀደደው የፉርጎው ብረት ነው» አለች። «ውሻው የት አግኝቶት? አካፋው አንድ ክንድ አርቆት ነው የገደለው። እኔ ሚስቱ አይደለሁ? ማታ ማታ ሆዱን በሞቀ ውሃ የማሸው እኔ ነኝ፤ እግሩ ላይ ጭረት የለም።»

«ታዲያ ምን አስወጋው?»

«አንተ እንዳትሸሽ! ‹ሰቦቃን በጉልበት ብይዘው ነገ ያመልጠኛል፤ ከእኔ የተሻለ መሆኑን ካየ ግን ሞቶም ቢሆን ይቆማል› አለኝ። እንዳልነግርህ አስምሎኛል። አልነገርኩህም እንግዲህ።» ተመልሳ ጎንበስ አለች፤ ማጠቧን ቀጠለች።

እኔ እንግዲህ ብዙ ሸክም የተሸከምኩ ሰው ነኝ። ከዚያ ቤት እስከ ደጃፌ ሃምሳ እርምጃ ነው። ያን ለት ረዘመብኝ።

አሞራዎቹ? መጡ፤ ሁሉም ግን አይደሉም። ክረምት አልፎ፣ ዓመት አልፎ፣ አንድ ጠዋት አንዷ ብቻዋን ባሕር ዛፉ ላይ ተቀምጣ ታየች። ቆይታ ሌላ አመጣች። ሠላሳ ሰባት ሆነው ግን ዳግም አላየኋቸውም፣ እኔም አረጀሁ። ጅቡም ከወንዙ ማዶ መጮህ ጀመረ፣ ውሾቹም ሳሱ። እስከዚያ ድረስ የሞተ ከብት በተገኘ ቁጥር ቀናው ጠዋት ተነሥቶ፣ ከሥራ በፊት፣ ከጣቢያው ማዶ ያለው ቀይ አፈር ድረስ ጎትቶ ይቀብር ነበር። ማንም አላዘዘውም። እኔም እግሩን እይዝለታለሁ፤ የከብቱን ማለቴ ነው። ድንጋይ ወደ አሞራ የወረወረ ሰው ካየ ጣቢያውን በጩኸት ያናውጠዋል። አንድ ጊዜ ሹሙ ባርኔጣ ላይ ተለቀቀ። ቀናው መሐረቡን አውጥቶ እየጠረገላቸው «ሠራተኞች ናቸው ጌታዬ፣ ይቻሏቸው» አላቸው።

እኔ የማውቀውን ለእሱ አልነገርኩትም፤ ምን ብዬ ልጀምረው? አስካለች ጠላ ቤት አዲስ ሰው በገባ ቁጥር ያንኑ ወሬ አወራለሁ። ማውራቱን ባቆም ነቃብኝ ብሎ ይሸማቀቃል። «ይሄ የምታዩት ሰውዬ» እላለሁ በጣቴ እየጠቆምኩ፣ «አስራ አራት ቀን እንደ ሕፃን ሲያለቅስ፣ እኔ ዓይኔን እንኳ አላርገበገብኩም!» ሰው ይስቅበታል፣ እኔ ጣሳውን እስከ አፉ እሞላለታለሁ። እንግዳው «እውነት ነው እንዴ ጋሼ?» ብሎ ሲጠይቀው፣ ቀናው አረፋውን እፍ ይላል፣ አንድ ይጎነጫል፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው ራሱን ይነቀንቃል።

«እውነቱን ነው» ይላል፤ «ሰቦቃ ጀግና ነበር። የጮህኩት እኔ ነኝ።»